የኢስጦኢኮችን ጥበብ በዕለት ኑሮ እንዴት እንለማመደው?

የሐዋርያት ሥራን 17ኛ ምዕራፍ ያነበበ ሰው ኢስጦኢኮችን በስም ያውቃቸዋል። ጳውሎስ በአቴና ሲያስተምር ቀርበው ከተከራከሩት ፈላስፎች መካከል ነበሩ። ትምህርታቸው ያን ጊዜ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ አስቆጥሮ ነበር። ጀማሪው ዜኖን የቆጵሮስ ነጋዴ ነው። መርከቡ ሰጥሞበት አቴና ገባ፤ በአንድ መጽሐፍ ሻጭ ዘንድ ስለ ሶቅራጥስ የተጻፈ ነገር አግኝቶ በፍልስፍና ፍቅር ተያዘና በዚያው ቀረ ተብሎ ይተረካል። ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት ገደማ፣ ስቶአ በሚባል፣ በሥዕል ባጌጠ የአደባባይ በረንዳ ላይ ማስተማር ጀመረ። ተከታዮቹም በዚያው በረንዳ ስም ተጠሩ።

ከዚያ በኋላ ከመጡት መካከል የሦስት ሰዎች ትምህርት በደንብ ደርሶናል። ኤፒክቴጦስ በዛሬዋ ቱርክ ግዛት ተወልዶ ሮም ውስጥ ለንጉሠ ነገሥቱ ለኔሮን ጸሐፊ ባሪያ የነበረ፣ እግሩም የሚያነክስ ሰው ነው። ሴኔካ የኔሮን አስተማሪና አማካሪ፣ እጅግ ባለጸጋ ሹም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ65 በዚያው በኔሮን ትእዛዝ ራሱን እንዲገድል ተገደደ። ማርቆስ አውሬልዮስ ደግሞ ከ161 እስከ 180 የሮም ንጉሠ ነገሥት ነበር። ባሪያ፣ ሹምና ንጉሥ በአንድ ልምምድ መኖር መቻላቸው ነው እኔን ወደዚህ ትምህርት የሳበኝ። የኤፒክቴጦስ አስተማሪ ሙሶኒዮስ ሩፎስም በጎ ምግባር ለወንድም ለሴትም አንድ ስለሆነ ሴቶች ፍልስፍና መማር አለባቸው ብሎ በዚያ ዘመን ተከራክሯል።

ወደ ልምምዱ ከመግባታችን በፊት አንድ ስሕተት ላርም። ብዙ ሰው ኢስጦኢክ ወይም ስቶይክ ሲባል ስሜቱ የደነዘዘ፣ የመጣበትን ሁሉ ዝም ብሎ የሚሸከም ሰው ይታየዋል። ይህ አረዳድ እኛ ዘንድ ሲደርስ ይባስ ይጎዳል፤ ተበዳይን «ቻለው»፣ «ቻይው» እያልን የምንመክርበት ልማድ ሞልቶናልና። ኢስጦኢኮች መልካም ኑሮ የሚቆመው በአራት ምግባሮች ነው ይሉ ነበር፦ በጥበብ፣ በፍትሕ፣ በድፍረትና ራስን በመግዛት። ፍትሕና ድፍረት የሌሉበት ዝምታ በእነርሱ ሚዛን በጎነት ሊባል አይችልም። እርጋታም ቢሆን ነገርን በትክክል የሚመዝንና ለሰው የሚገባውን የሚያደርግ ሰው ሳይፈልገው የሚያገኘው ነው። ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ ይህን ይዘው ያንብቡት።

መጀመሪያ፦ ደብተር ያዘጋጁ

ማርቆስ አውሬልዮስ የጻፈው መጽሐፍ ለአንባቢ የታሰበ አልነበረም። ከዳኑብ ወንዝ ማዶ ካሉ ነገዶች ጋር ሲዋጋ፣ ግዛቱን ወረርሽኝ ሲጨርሰው፣ ለራሱ ብቻ በግሪክኛ የጫጫራቸው ማስታወሻዎች ናቸው። የሚያውቀውን ነገር ነው ደጋግሞ የሚጽፈው። አንድን ሐሳብ በአሥር መንገድ ሲጽፈው ያገኙታል፤ ምክንያቱም ማወቅና የሚያውቁትን በጭንቅ ሰዓት ማስታወስ የተለያዩ ናቸው።

ስለዚህ ተራ ደብተርና እስክሪብቶ ይበቃዎታል። ስልክ ላይ ባይጽፉ ይመረጣል፤ ለመጻፍ የከፈቱት ስልክ ወደ ሌላ ነገር ይዞዎት ይሄዳል። ደብተሩን ሌላ ሰው የማያየው ቦታ ያስቀምጡ፤ ያያል ብለው ከፈሩ እውነቱን አይጽፉም።

ሁለተኛ፦ የሚያስጨንቅዎትን ለሁለት ይክፈሉ

ኤፒክቴጦስ ራሱ የጻፈው ነገር የለም። አርያን የተባለ ተማሪው ትምህርቱን መዝግቦ፣ ከዚያም ፍሬ ነገሩን በ53 አጫጭር ምዕራፎች አጠናቅሮ በእጅ የሚያዝ ትንሽ መጽሐፍ አደረገው። መጽሐፉ ገና ሲጀምር ነገሮችን ሁሉ በሁለት ይመድባል። አመለካከታችን፣ ምርጫችን፣ ፍላጎታችንና ጥረታችን በእጃችን ናቸው። ሰውነታችን፣ ንብረታችን፣ ሹመታችንና ሰው ስለ እኛ የሚያስበው ግን በእጃችን አይደሉም። ጤናም ከሁለተኛው ወገን መሆኑ አንዳንዱን ያስገርማል፤ መብላት፣ መተኛትና መታከም የእርስዎ ድርሻ ነው፣ አለመታመም ግን አይደለም።

ሥራው እንዲህ ነው። ገጹን መሐል ለመሐል በመስመር ይክፈሉ። በላዩ ላይ ሰሞኑን እንቅልፍ የነሳዎትን አንድ ጉዳይ ይጻፉ፤ ለምሳሌ የቪዛ ቃለ መጠይቅ። በግራ በኩል የእርስዎ የሆነውን ያስፍሩ፦ ሰነድ ማሟላት፣ በሰዓቱ መድረስ፣ ጥያቄውን በደንብ መስማት፣ ያለ ውሸት መመለስ። በቀኝ በኩል የእርስዎ ያልሆነውን ያስፍሩ፦ የቆንስሉ ውሳኔ፣ የዚያ ዓመት ፖሊሲ፣ ከእርስዎ በፊት የገባው ሰው የፈጠረው ስሜት፣ ቢከለከሉ ዘመድ የሚለው ነገር። አሁን ዓላማዎን እንደገና ይጻፉት። «ቪዛውን ላግኝ» የነበረው «ተዘጋጅቼ፣ እውነቱን ተናግሬ ልውጣ» ይሆናል። ይህኛውን ዓላማ ማንም ሊከለክልዎት አይችልም።

ሮማዊው ጸሐፊ ሲሴሮ ይህን የኢስጦኢኮች ሐሳብ ሲያስረዳ ቀስተኛን ያነሣል። ቀስተኛው ዐይኑን አቅንቶ፣ ክንዱን አጽንቶ፣ በሚገባ ዒላማውን ይዞ ይለቃል፤ ፍላጻው ከተለቀቀ በኋላ ነፋስ ቢነሣ ወይም ዒላማው ቢንቀሳቀስ የቀስተኛው ሥራ አልተበላሸም። ልብ ይበሉ፣ ቀስተኛው ዒላማውን ለመምታት ከልቡ ነው የሚሞክረው። «ቢመታም ባይመታም ግድ የለኝ» የሚል ቀስተኛ ክንዱን አያጸናም።

ኢስጦኢኮች ዕቅድ ሲያወጡ «የሚከለክል ነገር ካልመጣ» የሚል ቅድመ ሁኔታ ከውስጡ ያስቀምጡ ነበር። እኛ ደግሞ ክርስቲያኑ «እግዚአብሔር ቢፈቅድ»፣ ሙስሊሙ «ኢንሻአላህ» ሳይል ለነገ አይቀጥርም። ቃሉን ከአፍ ልማድ አውጥተው ከልብ ካሉት ግማሹን መንገድ ሄደዋል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፤ ብዙ ሰው የሚወድቅበትም እርሱ ነው። ቀኙን ዓምድ መሸሸጊያ ማድረግ። የሥራ ባልደረባዎ ያለ ጥፋቷ ስትከሰስ አዩ እንበል። «ውሳኔው ከእኔ አቅም በላይ ነው» ብለው ቀኝ ዓምድ ላይ ጽፈው ቢዘጉት ትምህርቱን ገልብጠውታል። ውሳኔው የእርስዎ አይደለም፤ ያዩትን መመስከር ግን የእርስዎ ነው፣ ስለዚህ ግራ ዓምድ ላይ ይጻፋል። ጄምስ ስቶክዴል የተባለው የአሜሪካ ባሕር ኃይል አብራሪ እ.ኤ.አ. በ1965 ሰሜን ቬትናም ላይ አውሮፕላኑ ተመትቶ ከሰባት ዓመት በላይ ታስሯል፣ ተሠቃይቷል። ከዚያ በፊት ኤፒክቴጦስን አጥንቶ ስለነበር መፈታቱ በእጁ እንዳልሆነ ቶሎ ለየ። ሆኖም በዚያ አላበቃም። እስረኞች በግድግዳ ምት እየተግባቡ አንዱ ሌላውን እንዳይከዳ የሚያደርግ ሥርዓት አቁሞ መራቸው። የግራውን ዓምድ እስከ ጥግ መጠቀም ማለት ይህ ነው።

ሦስተኛ፦ ጠዋት፣ ስልክ ሳይከፍቱ

ማርቆስ አውሬልዮስ በማስታወሻው 2ኛ መጽሐፍ መክፈቻ ላይ ገና ሲነጋ ለራሱ የሚነግረውን ጽፏል። በዕለቱ ነገረኛ፣ ምስጋና ቢስ፣ ትዕቢተኛና ምቀኛ እንደሚገጥመው አስቀድሞ ይቆጥራል። ቀጥሎ ደግሞ እነዚህ ሰዎች ክፉና ደጉን ባለመለየታቸው እንደሚያደርጉት፣ ከእርሱ ጋርም ዘመዳሞች እንደሆኑና አብረው ለመሥራት እንደ ተፈጠሩ ያስታውሳል። ሰዎች የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ይዘው ይቀራሉ። ጠዋት ተነሥቶ የሰውን ክፋት መዘርዘር ብቻ ቀኑን ያጨልማል፤ ዘመድነቱን የሚያስታውሰው ሁለተኛው ክፍል ነው መድኃኒቱ።

አምስት ደቂቃ ይበቃል። በዚያ ቀን ሊገጥምዎት የሚችል ሁለት ወይም ሦስት ፈተና ይጻፉ፣ ከጎኑም ከአራቱ ምግባሮች የትኛውን እንደሚጠይቅ ያስፍሩ። ወረዳ ጉዳይ ካለዎት «ሲስተም የለም፣ ነገ ይመለሱ» ሊባሉ ይችላሉ፤ ያ ራስን መግዛት ይጠይቃል፣ መስኮቱ ጀርባ ያለችው ሠራተኛም ሲስተሙን እንዳላጠፋችው ማሰብ ፍትሕ ነው። ስብሰባ ካለዎትና ማንም የማይናገረው ችግር ካለ ድፍረት ይጠይቃል። የታክሲው ሰልፍ መርዘሙ አይቀርም፤ ለእርሱ መጽሐፍ መያዝ ጥበብ ነው።

ከአልጋ መነሣት ከባድ ከሆነብዎት አይፈሩ። ያ ንጉሠ ነገሥት ራሱ ከሙቅ አልጋው ለመነሣት ራሱን ሲያባብል፣ ሲገሥጽም በ5ኛው መጽሐፍ መጀመሪያ ላይ እናገኘዋለን።

አራተኛ፦ ቁጣ ከመግባቱ በፊት በሩ ላይ ይያዙት

ከሁሉም ልምምዶች የኑሮን መልክ የሚለውጠው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ቤት የሚፈርሰው፣ ወንድማማች የሚኳረፈው፣ ልጅ የሚሰበረው በአብዛኛው በቁጣ ነውና።

ሴኔካ ስለ ቁጣ ሦስት መጻሕፍት ጽፎ ለታላቅ ወንድሙ አበረከተ። ይህ ወንድሙ በኋላ ጋልዮስ የተባለው፣ በሐዋርያት ሥራ 18ኛ ምዕራፍ የአካይያ አገረ ገዢ ሆኖ በጳውሎስ ላይ የቀረበውን ክስ አላይም ያለው ሰው ነው። ሴኔካ ቁጣ የሚወለደው በሦስት ደረጃ ነው ይላል። መጀመሪያ ሰውነት ይደነግጣል፤ ደም ይፈላል፣ ፊት ይለዋወጣል። ይህ እንደ ማዛጋት ነው፣ በፈቃድ አይመጣም፣ በፈቃድም አይቀርም፤ ስለዚህ ኃጢአትም ጥፋትም አይደለም። ሁለተኛው ደረጃ ፍርድ ነው፦ «ተበድያለሁ፣ መበቀልም ይገባኛል» ብሎ አእምሮ ሲስማማ። ሦስተኛው ደረጃ ላይ ቁጣው ሥልጣኑን ይይዛል፣ ልክ ነው አይደለም ብሎ የሚጠይቅ አይኖርም። ሥራችን ያለው ሁለተኛው ላይ ብቻ ነው። የመጀመሪያውን መከልከል አንችልም፣ ሦስተኛው ላይ ደግሞ ረፍዷል።

ደረትዎ ሲሞቅ፣ ድምፅዎ ሊወጣ ሲል ለራስዎ «ይህ የመጀመሪያው ነው» ይበሉ። ስም መስጠቱ ብቻ ትንሽ ፋታ ያስገኛል። በዚያች ፋታ የሆነውን ነገር ከነቅጽሉ ሳይሆን እርቃኑን ይናገሩት። «አጎቴ በሠርጉ ላይ ናቀኝ» የሚለው ፍርድ የተጨመረበት ነው። የሆነው «አጎቴ ሰላም ሳይለኝ አለፈ» ነው። ናቀኝ የሚለውን የጨመሩት እርስዎ ነዎት፤ እውነት ሊሆን ይችላል፣ አላየዎትም ይሆናል፣ ዐይኑም ደክሞ ይሆናል። ማርቆስ አውሬልዮስ ይህን መግፈፍ በሚያማልሉ ነገሮች ላይ ሳይቀር ይለማመደው ነበር፤ የከበረው ወይን ጠጅ የተጨመቀ የዘለላ ጭማቂ፣ ቀይ ሐምራዊው የንግሥና ካባ በባሕር ቀንድ አውጣ ደም የተነከረ የበግ ጠጉር መሆኑን ለራሱ ያስረዳ ነበር።

ከዚያ ያዘግዩት። ሴኔካ ለቁጣ ከመዘግየት የሚበልጥ መድኃኒት አያውቅም። ስለ ፕላቶን አንድ ታሪክ ይነግራል፤ ባሪያን መምታት እንደ ተራ ነገር በሚቆጠርበት ዘመን ፕላቶን አገልጋዩን ሊመታ እጁን አነሣ፣ መቆጣቱን ሲያውቅ ግን እጁን እንዳነሣ ቆመ። ወዳጁ ገብቶ ምን እያደረገ እንደሆነ ቢጠይቀው ቁጡ ሰውን እየቀጣሁ ነው አለው፤ ቁጡው ራሱ ነበር። ወላጅ ከሆኑ ከዚህ ጽሑፍ ሌላው ሁሉ ቢረሳ ይህ አይረሳ፦ ተቆጥተው ሳሉ ልጅዎን አይቅጡ። ጥፋቱ ቅጣት የሚገባው ከሆነ ከአንድ ሰዓት በኋላም ይገባዋል።

በጽሑፍ መልእክት የሚነሣ ጠብም እንዲሁ ነው። መልሱን በደብተርዎ ይጻፉት፣ እንዳሻዎት ያክርሩት፣ ሌሊቱ ይለፍበት። ጠዋት አንብበው አሁንም እውነት የሆነውን ብቻ ይላኩ።

«በደል ሲፈጸም አለመቆጣት ፈሪነት አይደለም ወይ?» የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። የሴኔካ መልስ በደል ይታረም፣ በዳይም ይቀጣ፣ ነገር ግን ያለ ቁጣ የሚል ነው። እኔም እስማማለሁ። በነደደ ቁጣ የተጻፈ አቤቱታ ስድብ ይበዛበታል፣ ቀንና ማስረጃ ያንሰዋል፤ ባለሥልጣኑም ስድቡን ይዞ ዋናውን ጉዳይ ይጥለዋል። በማግሥቱ የተጻፈው ግን አጭርና ለመካድ የሚያስቸግር ነው።

ይህ በክስተትና በስሜት መካከል ያለውን ፍርድ የመመርመር ዘዴ ዛሬ በሕክምናም ይሠራበታል። አልበርት ኤሊስና አሮን ቤክ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመሠረቱት፣ አስተሳሰብን በማረም የሚደረገው የሥነ ልቦና ሕክምና ሥሩ ኢስጦኢኮች ዘንድ እንደሆነ መሥራቾቹ ራሳቸው ጽፈዋል።

አምስተኛ፦ በፈቃድ ጥቂት ይቸገሩ

ሴኔካ ለወዳጁ ለሉኪልዮስ ከጻፋቸው 124 ደብዳቤዎች በ18ኛው፣ ከተማው በበዓል ግርግር ላይ ሳለ፣ ጥቂት ቀናት ወስደህ በርካሽ ምግብና በሻካራ ልብስ ኑርና የፈራኸው ይህን ነበር ወይ ብለህ ራስህን ጠይቅ ብሎ ይመክረዋል። ጾም ለሚያውቅ ሕዝብ ነገሩ አዲስ አይደለም፤ የጾም ዓላማ ግን ወደ ፈጣሪ ነው፣ የሴኔካው ዓላማ የድህነትን ፍርሃት መግደል ነው። ሁለቱን አያቀላቅሉ።

በወር ሁለት ቀን ቢሆን ጥሩ ነው። በመኪና የሚሄዱበትን በእግር ይሂዱ፣ ስልኩን ቤት ጥለው ይዋሉ፣ በዳቦና በሻይ ይዋሉ። በእርግጥ የሚበሉት ያጡ፣ የታመሙ ወይም ነፍሰ ጡር የሆኑ ከሆነ ይህን ክፍል ይዝለሉት፤ ችግር ለሚያውቅ ሰው ተጨማሪ ችግር ምንም አያስተምረውም። ሴኔካ ራሱ የታወቀ ሀብታም ስለነበር በዘመኑም ተተችቷል። ትችቱ ተገቢ ይመስለኛል፤ ምክሩ ግን ከመካሪው ይበልጣል።

ስድስተኛ፦ ማጣትን በልክ ያስቡ

ይህ ከሁሉ ከባዱ ነው። ኤፒክቴጦስ ልጅህን ስትስም ሟች መሆኑን አስብ ይላል። ሲሰሙት ጨካኝ ይመስላል። ማርቆስ አውሬልዮስ ግን ይህን ምክር በማስታወሻው የመዘገበው ከ10 በላይ ልጆች ወልዶ አብዛኞቹን የቀበረ አባት ሆኖ ነው። የምክሩ ፍሬ አሁን ያለውን ሰው አሁን መውደድ ነው።

በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለሁለት ደቂቃ፣ አንድ የሚወዱትን ሰው ወይም ነገር ይምረጡና ለዘለቄታው እንዳልተሰጠዎት ያስቡ። ከዚያ ሳይውል ሳያድር ወደ ተግባር ይለውጡት። በዓረብ አገር ወይም በአሜሪካ ሆነው እናትዎ አገር ቤት ካሉ ያን ዕለት ይደውሉ፤ ገንዘብ ስለ መላክ ሳይሆን ስለ ራሳቸው ይጠይቋቸው፣ የልጅነታቸውን ነገር ያስወሯቸው። ተግባር የሌለበት የሞት ሐሳብ ጭንቀት ብቻ ነው።

በቅርቡ ሐዘን ላይ የተቀመጡ ወይም ሥጋት የሚያሠቃይዎት ሰው ከሆኑ ይህን ልምምድ አይጀምሩ። ማልቀስም አያሳፍርም። ማርቆስ ወጣት ሳለ አስተማሪው ሞቶበት ሲያለቅስ የቤተ መንግሥት ሰዎች ሊከለክሉት ቢሞክሩ፣ አሳዳጊ አባቱ ንጉሠ ነገሥት አንቶኒኖስ ተዉት፣ ሰው ይሁን ብሎ አስቆማቸው ይባላል።

ሰባተኛ፦ ክቦቹን ወደ ውስጥ ይሳቡ

ሄሮክሌስ የተባለ የ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኢስጦኢክ እያንዳንዳችንን የሚከቡ ክቦችን ሣለ። መሐል ላይ እኛ አለን፤ ቀጥሎ ቤተሰብ፣ ከዚያ ዘመድ፣ ጎረቤት፣ የከተማ ሰው፣ የአገር ሰው፣ በመጨረሻም የሰው ልጅ ሁሉ። ሥራችን የውጭውን ክብ ወደ ውስጥ መሳብ ነው። ለዚህም የአጎትን ልጅ ወንድም፣ አጎትንም አባት ብላችሁ ጥሩ ብሎ መክሯል። እኛ መንገድ ላይ የማናውቃቸውን አዛውንት «እናቴ»፣ «አባቴ» እያልን የምንጠራ ሰዎች ነን፤ የሚቀረን በጠራንበት ስም መጠን ማድረግ ነው።

በወር አንድ ሰው ከውጭ ክብዎ ይምረጡ፤ የግቢው ጥበቃ፣ ከሌላ ክልል የመጣ ጎረቤት፣ ቋንቋዎን የማይናገር የሥራ ባልደረባ። ስሙን ይወቁ፣ ሲታመም ይጠይቁት፣ ሲበደል ዝም አይበሉ።

ስምንተኛ፦ ማታ ቀንዎን ይመርምሩ

ሴኔካ ይህን ልማድ ሴክስትዮስ ከተባለ ፈላስፋ እንደ ተማረ ይናገራል። መብራቱ ከተወሰደ በኋላ፣ ልማዱን የምታውቀው ባለቤቱም ዝም ካለች በኋላ፣ የዋለበትን ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ይመረምራል፤ ከራሱ ምንም አይደብቅም። የሚያነሣቸው ጥፋቶች ተራ ናቸው፦ በክርክር ላይ እልህ ተጋባሁ፣ ያን ሰው የመከርኩት ከሚገባው በላይ በግልጽ ስለሆነ አስቀየምኩት እንጂ አላረምኩትም። ከዚያ ዳግም እንዳያደርገው ራሱን አስጠንቅቆ ይቅር ይለዋል።

በደብተርዎ ሦስት ነገር ይጻፉ፦ ዛሬ የቱን አጠፋሁ፣ የቱን አሳመርኩ፣ ማድረግ ሲገባኝ ያላደረግኩት ምንድን ነው? ሦስተኛውን አይዝለሉ፤ ለፍትሕ የሚቀርበው እርሱ ነው፣ ሰውም በቀላሉ የሚረሳው እርሱን ነው። ከአሥር ደቂቃ አይለፉ። ነገር ሲያመነዥኩ ማደርና ቀንን መመርመር እንዳይምታቱ እያንዳንዱን ጥፋት በአንድ የነገ ውሳኔ ይዝጉት፦ «ጠዋት ደውዬ ይቅርታ እጠይቃለሁ»። ውሳኔው ከተጻፈ በኋላ ጉዳዩ ያን ሌሊት ተዘግቷል።

እንዴት ይጀመር?

ስምንቱን በአንድ ቀን አይጀምሩ። በመጀመሪያው ሳምንት የማታውን ምርመራ ብቻ ያድርጉ፤ ስለ ራስዎ ብዙ የሚነግርዎት እርሱ ነው። በሁለተኛው ሳምንት የጠዋቱን ይጨምሩ። በሦስተኛው ሁለቱን ዓምዶች በአንድ ጭንቀት ላይ ይሞክሩ። የቁጣውን ልምምድ ቀን ሳይጠብቁ ቁጣ በመጣ ጊዜ ሁሉ ያድርጉት፤ የቀሩት ከወር በኋላ ይደርሳሉ።

ንባቡን ከኤፒክቴጦስ ትንሽ መጽሐፍ ቢጀምሩ ጥሩ ነው፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ ያልቃል። ማርቆስ አውሬልዮስን ከ2ኛው መጽሐፍ ይጀምሩት፤ 1ኛው ላሳደጉትና ላስተማሩት ሰዎች ያቀረበው የምስጋና ዝርዝር ስለሆነ ሰውየውን ካወቁ በኋላ ይበልጥ ይጣፍጣል። የሴኔካን ደብዳቤዎች በቀን አንድ አንድ ያንብቡ።

በቤትዎ የሚመታዎት ወይም የሚያስፈራራዎት ሰው ካለ፣ ወይም መኖር እስኪያስጠላዎት ድረስ ከከፋዎት፣ ይህ ደብተር ብቻውን አይበቃም፤ ለሚያምኑት ሰው መናገርና ሐኪም ዘንድ መሄድ በግራ ዓምድ ከሚጻፉት ውስጥ የመጀመሪያው ነው።

በወሩ መጨረሻ ደብተሩን ከፊተኛው ገጽ ጀምረው ያንብቡት። ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ የተደጋገመ ጥፋት ካገኙ ያስምሩበት፤ በሚቀጥለው ወር ጠዋት ጠዋት በቅድሚያ የሚጽፉት እርሱን ነው።